ዱዓው ካለቀ በኋላ መዝገቡን ማን ይይዛል?



የምረቃ ወቅት ሲቃረብ በጀመዓችን መካከል የሚነሳው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ቀጥሎ ምን እንሥራ? የሕግ ተማሪዎች ስለ ዐቃቤ ሕግነትና ስለ ባንክ የሕግ ክፍል ያወራሉ። የሕክምና ተማሪዎች ስለ ስፔሻሊቲ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ደግሞ እዚሁ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ስለ መሥራት። ሁሉም መልካም ነው፣ አላህ ያሳካላቸው። እኛ ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ስሙ ሲጠራ ሰምተን የማናውቀውን ሙያ ነው፤ ጦርነት ባለበት አገር በሰላማዊ ሰው ላይ የተፈጸመን ግፍ የሚያጣራና የሚመዘግብ የሰብዓዊ መብት ተመራማሪን ሥራ።

ስሙ የማይጠራው ጉዳዩ ስለማይመለከተን አይደለም። ለፍልስጤም፣ ለሱዳን፣ ለሮሂንጋ፣ ለራሳችንም አገር ዱዓ ያልተደረገበት ጁምዓ ማግኘት ይከብዳል። ፎቶ ይጋራል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል። ግን የምናለቅስበትን ነገር ማን ነገረን? እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ከማይንማር ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ መንደር መቃጠሉን፣ ሰው መረሸኑን፣ ሴቶች መደፈራቸውን ዓለም በዝርዝር ያወቀው ኮክስ ባዛር አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ከተረፉት ጋር አንድ በአንድ ተቀምጠው የጠየቁ፣ የተነገራቸውንም ከሳተላይት ምስል ጋር ያመሳከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእኛ ሐዘን የቆመው በእነዚያ ሰዎች ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው። ከመካከላችን ግን ደብተሩን እኔ ልያዝ የሚል አይሰማም። ይህ ሊያሳስበን ይገባል እንላለን።

ሙያው ምን እንደሚመስል በአንድ ሰው ሕይወት ብናየው ይሻላል። ናታሊያ ኤስቴሚሮቫ እ.ኤ.አ. በ1958 ተወለደች። አባቷ ቼቼን፣ እናቷ ሩሲያዊት ነበሩ። በቼቼንያ ዋና ከተማ በግሮዝኒ የታሪክ መምህርት ነበረች። ቼቼንያ በካውካሰስ ተራሮች ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ፣ ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ ትንሽ ምድር ናት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944 ስታሊን ሕዝቡን ከነልጆቹ በባቡር ጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ አግዞታል፤ ከጎረቤቶቻቸው ኢንጉሾች ጋር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር፣ ብዙው በመንገድና በግዞት አልቋል። ከሞት የተረፉት መመለስ የቻሉት በ1957 ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ ሁለት ጦርነቶች ተከታትለው መጡ፤ የመጀመሪያው ከ1994 እስከ 1996፣ ሁለተኛው ከ1999 ጀምሮ። ግሮዝኒ በቦምብና በመድፍ ዶግ አመድ ሆነች።

መምህርቷ በሁለተኛው ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ሜሞሪያል የሚባል ማኅበር ውስጥ ገባች። ሜሞሪያል በሶቪየት ዘመን ማብቂያ ላይ የተቋቋመ የሩሲያ ማኅበር ሲሆን መነሻ ዓላማው በስታሊን ጊዜ የታሰሩና የተገደሉ ሰዎችን ስም እየፈለጉ መመዝገብ ነበር። የሞተን ሰው ስም መፈለግ የለመዱ እጆች አሁን በመሞት ላይ ያለውን ሰው ስም ወደ መመዝገብ ዞሩ ማለት ነው።

ሥራዋ ምን ነበር? ሌሊት ጭንብል ያጠለቁ የታጠቁ ሰዎች መጥተው አንድ ወጣት ከአልጋው አንስተው ይወስዳሉ። ጠዋት እናቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፣ እዚህ የለም ትባላለች። ወደ ጦር ሰፈሩ ትሄዳለች፣ እዚህ የለም። ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ትሄዳለች፣ ምናልባት ራሱ ጫካ ገብቶ ይሆናል ትባላለች። በመጨረሻ ኤስቴሚሮቫ ጋ ትመጣለች። ኤስቴሚሮቫ ደግሞ ትጠይቃታለች። ስንት ሰዓት ነበር? ስንት ነበሩ? የመጡት በምን ነው? ተሽከርካሪው ብረት ለበስ ነበር ወይስ ተራ መኪና? ቁጥሩ ይታያል ወይስ በጭቃ ተለቅልቋል? እርስ በርስ ያወሩት በሩሲያኛ ነው ወይስ በቼቼንኛ? ይህን አንቺ በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ጎረቤት ነው የነገረሽ? ጎረቤቷስ ማን ናት፣ እሷንስ ማናገር እችላለሁ?

ጥያቄው ለሰሚው የሚያሰለች ይመስላል። ልጇን የተነጠቀችን እናት ስለ መኪና ቀለም መጠየቅ ርኅራኄ የጎደለው የሚመስለውም ሰው ይኖራል። ዓመታት ቆይቶ ግን ነገሩ የተፈታው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ቤተሰቦቹ በሩሲያ ፍርድ ቤት ፍትሕ ሲያጡ ሜሞሪያልና ሌሎች ማኅበራት እየረዷቸው ጉዳያቸውን ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱ። የሩሲያ መንግሥት መልስ “ወታደሮቻችን መሆናቸው አልተረጋገጠም፣ ታጣቂዎች የሠራዊቱን ልብስ ለብሰው ሊሆን ይችላል” የሚል ነበር። ዳኞቹ ግን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው እንዲህ ሲሉ አመዛዘኑ፤ ሰዎቹ ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ በወታደራዊ ተሽከርካሪ መጥተዋል፤ የተንቀሳቀሱት ሰዓት እላፊ በታወጀበት ሌሊት ነው፤ የመንግሥት ኬላዎችንም ማንም ሳያስቆማቸው አልፈዋል። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ እንዲህ መንቀሳቀስ የሚችለው የመንግሥት ኃይል ብቻ ነው። አንዲት እናት ሰዓቱን ስለ ማስታወሷ፣ አንዲት መዝጋቢም ሰዓቱን ስለ መጠየቋ አንድ መንግሥት በሕግ ፊት ተጠያቂ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ከዚህም አልፎ የልጇ መጥፋት ያደረሰባትን ጭንቀትና የባለሥልጣናቱን ማላገጥ በእናቲቱ በራሷ ላይ የተፈጸመ ኢሰብዓዊ አያያዝ ነው ብሎ ደጋግሞ ወስኗል።

በግሮዝኒ ዳርቻ ኖቪዬ አልዲ በምትባል ሰፈር ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2000 የሩሲያ ኃይሎች ቤት ለቤት እየዞሩ በትንሹ 56 ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ሪፖርቱን አወጣ፣ ሜሞሪያልም መዘገበው። ስትራስቡርግ ፍርድ የሰጠው በ2007 ነው። ሰባት ዓመት! በማግስቱ ፍትሕ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሙያ አይግባበት።

ሌላም ነገር እንጨምር። በሁለተኛው ጦርነት በቼቼንያ ደብዛቸው የጠፋ ሰዎችን ቁጥር ሜሞሪያል ከ3,000 እስከ 5,000 ይገምታል። ነገር ግን ማኅበሩ ቁጥር ባወጣ ቁጥር አብሮ ይናገር የነበረው፣ መከታተል የቻለው የግዛቲቱን ሲሶ ገደማ ብቻ መሆኑን ነው። ግፍ የሚፈጸምበትን ወገን የሚደግፍ ሰው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያምረዋል። እነሱ ግን ያዩትን ያህል ብቻ ተናገሩ፣ ያላዩት የት ድረስ እንደሆነም ገለጹ። የሐዲስ ዑለማዎች ዘገባውን ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን ሰማ፣ ተገናኝተው ነበር ወይ፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው እያሉ ሲያጣሩ መኖራቸውን በደርስ ሁሉ እንማራለን። “እንደደረሰኝ” ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረው የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ ከዚያ ትምህርት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ግን ለመረዳት ይቸግረናል። አንድ የሐሰት ፎቶ መቶ እውነተኛውን ያስክዳል፤ ዛሊሙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ወደሚጎረብጠው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የቼቼንያው መሪ ራምዛን ካዲሮቭ ኤስቴሚሮቫን የግሮዝኒ ከተማ የሕዝብ ምክር ቤት ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት። ብዙም ሳይቆይ አነሳት። ምክንያቱ ሴቶች በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት በግዴታ ሻሽ እንዲያስሩ መደረጉን በቴሌቪዥን በመቃወሟ ነው። እኛ ሒጃብ የአላህ ትእዛዝ ነው ብለን እናምናለን፣ እህቶቻችንም የለበሱት በዚህ እምነት ነው። ሒጃብሽን ካላወለቅሽ ክፍል አትገቢም፣ ፈተና አትቀመጪም መባል ምን እንደሆነም ማንም እንዲያስረዳን አያስፈልግም፤ በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች የተማረ ሙስሊም ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ በታጣቂ ትእዛዝ “አውልቂ” ስትባል መብቷ ተነካ የምንልላት ሴት፣ በታጣቂ ትእዛዝ “ልበሺ” ስትባል መብት የላትም? ሁለቱን የማያይ ሰው መብት እያለ የሚጠራው የራሱን ምርጫ ነው። ኤስቴሚሮቫ የሩሲያ ጦር ሙስሊሞችን ሲገድል የመዘገበችበትን ብዕር የሙስሊሞቹ መሪ ሲበድል አላስቀመጠችም። በዚህ ነገር ከእሷ ጋር የማይስማማ እህት ወይም ወንድም ካለ ይጻፍልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እኛ ግን ሙያው ከሙያተኛው የሚጠይቀው ትልቁ ነገር ከጥይት ይልቅ ይህ ይመስለናል።

የጥይቱም ነገር ቀላል አልነበረም። አብራት ትሠራ የነበረችው ጋዜጠኛ አና ፖሊትኮቭስካያ ኦክቶበር 7 ቀን 2006 ሞስኮ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ተገደለች። በእሷ ስም የተቋቋመውን ሽልማት በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው ኤስቴሚሮቫ ናት። የቼቼን ቤተሰቦችን ጉዳይ ይዞ ይሟገት የነበረው ጠበቃ ስታኒስላቭ ማርኬሎቭ በጃንዋሪ 2009 እዚያው ሞስኮ መንገድ ላይ ተገደለ። በዚያው ዓመት ጁላይ 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ፣ ኤስቴሚሮቫን ግሮዝኒ ከሚገኘው ቤቷ ደጃፍ መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዷት። ከሰዓት በኋላ አስከሬኗ በጎረቤት ግዛት በኢንጉሼትያ ጫካ ውስጥ ተገኘ። ጭንቅላቷንና ደረቷን ተመትታለች። ሌሎች እንዴት እንደተወሰዱ ለዘጠኝ ዓመት ስትመዘግብ የኖረችው ሴት ራሷ እንደዚያው ተወሰደች።

ማን ገደላት? የሥራ ባልደረባዋ ኦሌግ ኦርሎቭ ኃላፊነቱ የካዲሮቭ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ፤ ካዲሮቭ ስም አጥፍቶኛል ብሎ ከሰሰው። የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ ኦገስት 2021 በሰጠው ውሳኔ ሩሲያ ግድያውን በአግባቡ አላጣራችም፣ ለዚህም ተጠያቂ ናት አለ፤ የመንግሥት ሰዎች ገድለዋት እንደሆነ ግን በቀረበው ማስረጃ አልተረጋገጠም አለ። እኛም የምንጽፈው እስከዚያ ድረስ ነው። ልባችን ሌላ ቢያስብም ሟቿ ራሷ ከዚህ የዘለለ ዐረፍተ ነገር በሪፖርቷ ውስጥ አታስገባም ነበር።

በግቢያችን በተደጋጋሚ የምንሰማው ክርክር አለ፦ “ሰብዓዊ መብት የምዕራባውያን ጨዋታ ነው። ለዩክሬን ሲሆን ይጮኻሉ፣ ለጋዛ ሲሆን ዝም ይላሉ።” የመንግሥታቱ አድልዎ እውነት ነው፣ አንከራከርበትም። ግን መንግሥታቱንና መዝገቡን አንድ አናድርግ። ራማላህ የሚገኘው አል-ሐቅ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የፍልስጤማውያንን በደል ሲመዘግብ የኖረ፣ ፍልስጤማውያን ራሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት ነው። እስራኤል በኦክቶበር 2021 ከሌሎች አምስት ድርጅቶች ጋር አሸባሪ ብላ ፈረጀችው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ አሜሪካ በእሱና በጋዛ በተቋቋሙት በአል-ሚዛንና በፍልስጤም የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ላይ ማዕቀብ ጣለች፤ ጥፋታቸው የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ምርመራ መርዳታቸው ነው። መዝገቡ ተራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ኃያላን እንዲህ አይረበሹበትም ነበር። ምዕራባውያን በሁለት ሚዛን መስፈራቸውን በማስረጃ እንድንናገር ያስቻለንም በሁለቱም ቦታ ሚዛኑን የያዘ መዝጋቢ መኖሩ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የትግራዩን ጦርነት በሚመለከት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በጋራ ያደረጉት ምርመራ ኖቬምበር 3 ቀን 2021 ይፋ ሲሆን፣ የጦርነቱ ተሳታፊዎች ሁሉ በተለያየ ደረጃ ጥሰት ፈጽመዋል የሚል ነበር ድምዳሜው። ያኔ በየዶርሙ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሁሉም ሌላውን ወገን የሚከስሰውን ገጽ ቆርጦ ያጋራል፤ የራሱን ወገን የሚከስሰውን ገጽ የጻፈው ሰው ግን ተከፋይ ይባላል። ሪፖርቱ ይጎድለዋል ብሎ በማስረጃ መተቸት ይቻላል፣ የተቹትም ነበሩ። ገጽ መርጦ ማመን ግን ትችት አይደለም። በራስ ላይ፣ በወላጅና በዘመድ ላይም ቢሆን በፍትሕ መመስከር ግዴታችን መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይህ አማና በጣም የሚከብደው ከየብሔሩ በመጣን ልጆች አንድ ዶርም ውስጥ ነው።

ለሙያው የሚያስፈልገውስ ትምህርት? ብዙዎች የሕግ ተማሪ ብቻ የሚገባበት ይመስላቸዋል። የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው፣ በሰው ላይ የተፈጸመን የሥቃይ ምርመራ እንዴት መርምሮ መመዝገብ እንደሚቻል የሚያስረዳው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲዘጋጅ ከተሳተፉት መካከል ብዙዎቹ ሐኪሞች ነበሩ። አንድ ጠባሳ በሲጋራ ቃጠሎ የመጣ ነው ወይስ በሌላ ሕመም የሚለውን የሚመልሰው የሕክምና ተማሪያችን እንጂ ጠበቃው አይደለም። በ2020 ደግሞ በኢንተርኔት የሚገኙ ቪዲዮዎችንና ፎቶዎችን ለፍርድ ቤት በሚበቃ መልኩ ማጣራትን የሚመለከት የበርክሌይ ፕሮቶኮል ወጥቷል፤ ያ የኮምፒውተር ልጆች ቤት ነው። በሚሎሶቪች ችሎት ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ቀርቦ ስለ ኮሶቮ ሟቾችና ተፈናቃዮች በቁጥር የመሰከረው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ቋንቋ አለ። በዚህ ጀመዓ ውስጥ አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪ፣ ትግርኛና ዐረብኛ የሚናገር አለ። ከአገሩ ውጭ የመጣ መርማሪ በአስተርጓሚ የሚያጣውን እነዚህ ልጆች በእናት ቋንቋቸው ይሰሙታል። እህቶች ደግሞ ለብቻቸው ይጠቀሱ። የተደፈረች ሴት የደረሰባትን፣ ከነገረችም፣ የምትነግረው አብዛኛውን ጊዜ ለሴት ነው። ሒጃብ ለለበሰች ሴት ደግሞ ሒጃብ ለባሽ እህቷ ፊት መናገር የበለጠ ሊቀላት ይችላል። በዚህ ሥራ እህቶቻችን ከወንዶቹ ይበልጥ ይፈለጋሉ ብንል አላጋነንም።

ይህን አንብቦ ነገ ስልኩን ይዞ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ የሚሮጥ ካለ ግን አደራ፣ አይሂድ። ያልሠለጠነ ጠያቂ ይጎዳል። ተጎጂዋን አሥር ሰው አሥር ጊዜ ካስተረካት ቁስሏን ይቀሰቅሳል፤ ቃሏም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲለያይ ነገ ፍርድ ቤት የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ይዞ ያፈርሳታል። ስሟ በስልኩ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ነፍሷን አደጋ ላይ ይጥላል። ፈቃዷን መጠየቅ፣ ለብቻዋ ማናገር፣ መልስ በአፏ አለማስገባት፣ ስሟን ከቃሏ ለይቶ ማስቀመጥ በትምህርትና በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። ቤተሰብም አለ። አራትና አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች እናት ልጄ ጦርነት ካለበት ሄዶ ይጠይቅ አትልም፣ አይፈረድባትም። ደመወዙም ከባንክ አይስተካከልም። የሰማኸው ነገር ደግሞ ሌሊት አብሮህ ይተኛል።

ውጤቱም እንደምንመኘው አይደለም። ሩሲያ በቼቼንያ ጉዳይ በተሰጡት ፍርዶች ካሳውን አብዛኛውን ጊዜ ከፍላለች፤ ገዳዮቹን ግን ለፍርድ አላቀረበችም ማለት ይቻላል። በ2022 ከአውሮፓ ምክር ቤት ስትወጣ የስትራስቡርግ በርም ለአዲስ ተበዳይ ተዘጋ። ሜሞሪያል በሩሲያ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ተወሰነበት፤ ኦክቶበር 7 ቀን 2022 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋሪ መሆኑ በተነገረበት ቀን የሞስኮ ፍርድ ቤት ቢሮውን ለመንግሥት ፈረደ። ኦርሎቭም በ2024 ታሰረ፤ ወራት ቆይቶ በእስረኞች ልውውጥ ወጣ። መዝገቦቹ ግን አሉ። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ የተወሰደበት ሌሊት፣ የመኪናው ዓይነት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ልጄ አልነበረም የሚላት ቢመጣ እናቱ የምታሳየው ወረቀት አላት።

የጀመዓው የትምህርት ክፍል በየዓመቱ ለተመራቂዎች የሚያዘጋጀው የሥራ ትውውቅ ቀን ላይ ነጋዴ፣ ሐኪምና ኢንጂነር ይጋበዛሉ። በዘንድሮው ላይ በዚህ ሙያ የቆዩ፣ ከኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሆነ በ1991 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከኢሰመጉ አንድ ባለሙያ፣ ቢቻል አንዲት ሴት፣ እንዲጋበዙ ሐሳብ አቅርበናል። የሕግ፣ የሕክምና፣ የስታቲስቲክስና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሁለትና ከዚያ በላይ የአገር ውስጥ ቋንቋ የምትናገሩ ሁሉ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ለሚቀመጡት የትምህርት ክፍሉ እህትና ወንድም ስማችሁን አስመዝግቡ።